በጾም የወጣ ዋጋ

ዕድሜዬን ሙሉ ገዢ ነበርኩ። የገዢ ሥራ ቀላል ነው፤ ሻጩ ምንም ይበል ምን “ውድ ነው” ማለት ብቻ ነው። ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ስገዛ ውድ ነው፣ ድንች ስገዛም ውድ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ነጋዴዋ ተሳስታ ካሰብኩት በግማሽ አሳንሳ ብትነግረኝ፣ አፌ ቀድሞኝ “ኧረ ውድ ነው!” አልኩና ሴትዮዋ ተናዳ እቃዋን መልሳ ሸፈነችብኝ። ዋጋ መስማት እንጂ ዋጋ መናገር የሚባል ጣጣ እኔ ላይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጣ። ያውም የድንች ዋጋ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የድንች ልጣጭ ዋጋ ነው የመጣብኝ።

ሸዋ በር አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት እቃ አጥቤያለሁ። እቃ አጣቢ ከተማውን የሚያውቀው በሳህን በኩል ነው። ማን ሥጋ እንደሚወድ፣ ማን ለሰው ይምሰል ብሎ ግማሹን እንደሚተው፣ የየትኛው ቢሮ ሰው ደመወዝ እንደዘገየበት ሁሉ ከሳህኑ ይታወቃል። የሚተርፈው ደግሞ ብዙ ነው። እንጀራው፣ ሩዙ፣ ፓስታው፣ የጎመኑ ግንድ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ ሁሉም ከፌስታል ጋር ተደባልቆ በጓሮ በር ይከመራል። ከዚያ ይሸታል። ሲሸት ባለቤቱ እኔን ይቆጣል፤ እኔ በልቼ የተውኩት ይመስል።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ዘቢባ ናት። ዘቢባ በአሮጌው ግንብ በጀጎል ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ፣ ያኔ አራት ፍየል የነበራት፣ ምላሷ ከእግሯ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት።

“አቦ አንቺ ሴትዮ፣” አለችኝ አንድ ቀን፣ “የሰው ሳህን ስታጥቢ ልታረጂ ነው? ምግብ ቤቶቹን ትርፍራፊው አስመርሯቸዋል። ከብት አድላቢዎቹ ደግሞ መኖ ተወዶባቸዋል። እኛ መሃል ገብተን ከዚህ አንስተን እዚያ ብናደርስ ከሁለቱም እንበላለን።”

“እንበላለን ያልሽው ገንዘቡን ነው አይደል?” አልኳት። ነገር ማጣራት እወዳለሁ።

ፈሪ ነኝ፤ እኔ ግን ጠንቃቃ ብባል ይሻለኛል። ከቤት ስወጣ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ አያለሁ፤ ግቢው በር ላይ ደርሼ ለአራተኛ ጊዜ እመለሳለሁ። ልጄን ማርታን በበጋ ጃንጥላ አስይዤ ትምህርት ቤት ስለምልካት ጓደኞቿ “ትንቢት ተናጋሪዋ” ይሏታል። እንዲህ ያለች ሴት ሥራ ለቃ ንግድ ትገባለች ቢባል ማን ያምናል? ዘቢባ ግን ፍየሎቿን ሸጣ አንዲት አህያና ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይዛ መጣች። አህያዋን ሻሼ ብላ ሰየመቻት። ስም የወጣላትን አህያ መልሺ ማለት ደግሞ ይከብዳል። ሥራዬን ለቀቅኩ። አሠሪዬ “በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው” ብሎ ሸኘኝና፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እጇ ከእኔ እጅ የሚፈጥን ልጅ ቀጠረ። በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ቀረ ዋጋው። ባለቤቴ መንግሥት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሐረር ላይ የቀረ። ወረቀት ይወዳል። “ዋጋ ያለ ጥናት አይወጣም፣” አለ። “መጀመሪያ ልታነሱላቸው ያሰባችኋቸው ስድስቱ ምግብ ቤቶች በቀን ምን ያህል እንደሚጥሉ ማወቅ አለባችሁ። መጠኑ ሳይታወቅ የወጣ ዋጋ ዋጋ አይደለም፣ ምኞት ነው።”

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጥናት የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ልቤ ሞቀ። ጥናት ማለት የተማረ ሰው ጥንቃቄ ነው ለካ! ከማግስቱ ጀምሮ በየማለዳው ስድስቱንም ምግብ ቤቶች በጓሮ በኩል እየዞርኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በእንጨት እያገላበጥኩ የጣሉትን አየሁ። ሃያ አምስት ቀን።

በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የሰንበቴ ማኅበራችን ሴቶች ቤቴ መጡ። አንዷ ሽሮ ይዛለች፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ ዘይት። ተቀምጠው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ስለ ባለቤቴ ሥራ ጠየቁኝ፤ “አሁንም እዚያው ነው?” አሉ። ከዚያ ትልቋ እጄን ይዘው እንባቸው መጣ።

“ልጄ፣ ሰው ለሰው እኮ ነው። ተቸግረሽ ከምግብ ቤት ጓሮ ለቅመሽ ከምትበዪ ምናለ ብትነግሪን?”

ጥናት ነው ብላቸው ተያዩ። “አዎ፣ ጥናት ነው፣” አሉኝ፣ ታማሚ ሰው እንደሚያባብሉ። ሽሮውን ብመልስ ኩራት ሊመስልባቸው ነው፤ ብቀበል ደግሞ እውነት ሊሆን ነው። ተቀበልኩ። ጥሩ ሽሮ ነበር።

ጥናቱ አለቀ። ስድስቱ ምግብ ቤቶች ተደምረው በቀን የሚሞሉት ሁለት በርሜል ብቻ ሆነ። ሁለት በርሜል ማለት ሻሼ ግራና ቀኝ ጭና አንድ ጊዜ ትመላለሳለች ማለት ነው። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ጨርሼ ቤቴ እገባለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ እያለ ሰባት ዓመት እቃ ማጠቤ ቆጨኝ። በበርሜል መቁጠሩ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል ብዬ በወር አንድ ቁርጥ ዋጋ እንዲሆን ወሰንኩ። ባለቤቴ ውሉን ጻፈ። ውሉ ላይ “ይህ ዋጋ ለአንድ ዓመት አይለወጥም” የሚለውን ግን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ነጋዴዎቹ ከጊዜ በኋላ እንዳይቀንሱብኝ ፈርቼ ነው። ጠንቃቃ ነኝ ብያችኋለሁ።

ከስድስቱ ትልቁ ምግብ ቤት ጀጎል ውስጥ ያለው የሐጂ አብዱሰላም ነው። ሌሎቹ አምስቱ ሐጂን አይተው ነው የሚያድሩት። ሐጂ የሩዝ ዋጋ ሲጨምሩ ይጨምራሉ፣ ሐጂ ግድግዳ ሲያስቀቡ ያስቀባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄድን። ሐጂ በረንዳ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

“ሐጂ፣ ትርፍራፊውን በየቀኑ ልናነሳልዎት ነው፣” አልኩ። “በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር።”

“ትከፍሉኛላችሁ?” አሉ በደስታ።

“አይ፣ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉን።”

ሳቁ። “ምግቤን ወስደሽ ገንዘቤንም ልትወስጂ? ልጄ፣ ይሄ እኮ መኖ ነው! በሬ ይበላዋል። እኔ ነኝ የምሸጥልሽ።”

“ታዲያ በሬውን እዚህ በረንዳ ላይ እናምጣልዎት?” አለች ዘቢባ።

“ደግሞ ለአጥንቱ ጅብ አለኝ፤ በነጻ የሚሠራ! ስንት ዓመት ሲወስድልኝ ዋጋ ጨምርልኝ ብሎኝ አያውቅም።”

“ጅብ የሽንኩርት ልጣጭ ይበላልዎታል ሐጂ?”

“ይለምዳል፣” አሉና ዝም አሉ።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። ዝምታ አልችልም። ሰው ዝም ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኛል። ሐጂ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ምንም አይሉም።

“እሺ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ፣” አልኩ።

ዝም።

“አንድ ሺህ።”

ዘቢባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሷ ስትቆነጥጠኝ ደግሞ ቶሎ በይ ያለችኝ መሰለኝ። “ዘጠኝ መቶ። ስምንት መቶ ሃምሳ። ሐጂ፣ እንግዲህ ሰባት መቶ!”

ሐጂ የመቁጠሪያቸው መጨረሻ ላይ ደረሱ፣ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱና ቀና አሉ። ለካ ጸሎት ላይ፣ ዚክር ላይ ነበሩ። አንድም ቃል አልሰሙኝም።

“ይቅርታ ልጄ፣ ስንት ነው ያልሽው?”

“ሰባት መቶ፣” አልኩ።

“ኸይር ነው፣ ሰባት መቶ ጥሩ ነው። ወረቀቱን አምጪ።”

ከራሴ ጋር ተከራክሬ የተሸነፍኩት እንዲህ ነው። ዘቢባ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ከዘቢባ ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ቅጣት ነው። የቀሩት አምስቱ “ሐጂ ስንት ከፈሉ?” ብለው ጠይቀው፣ እኛ ከሐጂ እናንሳለን እያሉ በአራት በአራት መቶ ፈረሙ። ቢሆንም ሥራው ቀላል ነው አልን። ሁለት በርሜል፣ አንድ ምልልስ። አራት ቀን እንዲህ ሆነን በደስታ ሠራን።

በአምስተኛው ቀን ዒድ ሆነ።

አንባቢዎቼ ቀድማችሁ እንደነቃችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት የሐጂ ጓሮ በር ላይ ቆሜ ነው የነቃሁት። ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ሩዝ፣ አጥንት፣ ልጣጭ፣ ሐብሐብ፣ ተቆልሏል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት ዘቢባን።

“ዒድ ነዋ!”

“ጥናቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።”

“ረመዳን ላይ ነዋ ያጠናሽው! ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ተዘግቶ፣ ማታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ሳህን ላይ ምን ያስቀራል? ሳህኑንም አይምርም!”

“የእኛዎቹ ምግብ ቤቶችስ?”

“የእናንተም ጾም አይደል እንዴ? አጥንት የሌለው፣ ቅቤ የሌለው፣ ሰው ሽሮ በልቶ ወደ ቤቱ!”

እውነቷን ነው። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች፣ ረመዳንና ሁዳዴ፣ ተገጣጥመው ነበር። ከዓመቱ ሁሉ ሐረር ትንሽ የምትበላበትን ወር መርጬ፣ ሐረር ምን ያህል እንደምትበላ አጠናሁ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ባልሽ አጥንቶታል አላልሽም? የተማረ ሰው አስቦበት ይሆናል ብዬ ነዋ!”

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እኔ ራሴ ጾመኛ መሆኔ ነው። ፋሲካ እንደሚመጣ ሆዴ በየቀኑ ይነግረኝ ነበር። ሆዴን ከጥናቱ ውስጥ አላስገባሁትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ዒድ ሳይወጣልን በሳምንቱ የሐረር የራሷ በዓል ሸዋል ዒድ መጣ። ከድሬውም፣ ከጅጅጋውም፣ ከአዲስ አበባውም፣ ከባሕር ማዶውም ያለ የሐረር ዘመድ ሁሉ ገባ፤ ዘመድ የሌለውም ገባ። ሁለት በርሜል የነበረው አሥር በርሜል ሆነ። ሻሼ በቀን አምስት ጊዜ ተመላለሰች። በርሜሉ አልበቃ ሲለን ጀሪካን አናቱን ቆርጠን ሞላን። ጀሪካኑ ሲያልቅ የቤቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወሰድኩ።

“ሸሚዜ በምን ይታጠብ?” አለ ባለቤቴ።

“አጥናው፣” አልኩት።

ቀጥሎ ፋሲካ። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ከጾሙ ጊዜ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ሠርግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። በዚህ መሃል በርሜሎቹን ጭነን ከከተማ ውጪ ወዳለው ወደ ከብት አድላቢው ወደ ኦቦ ጁንዲ ግቢ ደረስን። ግቢው ጭር ብሏል። ኦቦ ጁንዲ በባዶው በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

“በሬዎቹስ?” አልኳቸው።

“ተሸጡ። ለዒድ ስምንቱን ወሰዱ፣ የቀሩትን ለፋሲካ።”

ትርፍራፊ የሚበሉልን በሬዎች ተበልተው፣ አጥንታቸው በበርሜላችን ተመልሶ መጥቷል። ደንበኞቻችንን ራሳቸውን ጭነን ነው የመጣነው።

“ታዲያ ይሄን ማን ይብላው ኦቦ?” አለች ዘቢባ።

ኦቦ ጁንዲ ተነሥተው በርሜሉን አዩት። “እኔ እንኳ ምሳ በልቻለሁ፣” አሉ። አዳዲስ በሬዎች እስኪገዙ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረን ለማሳቸው ፍግ እንዲሆን እየቀበርን ሰነበትን። መቆፈሩም በዚያው በሰባት መቶው ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ሻሼ ሸዋ በር ላይ፣ ሚኒባሶቹ መሃል፣ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተራገጠችም፤ በቃኝ ብላ ቆመች። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “እናት! አህያሽን አንሺያት!” አለኝ። ዘቢባ “ና ውረድና አንተ አንሳት!” አለችው። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የሻሼን እግር ሳይ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ሳፋውን እኔና ዘቢባ ተሸክመን ነው የገባነው።

ማታ ዘቢባ መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። ዝግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ዘቢባ ዝግ ብላ ስትናገር ያስፈራል።

“እስከ ወሩ መጨረሻ ዋጋው ካልተስተካከለ ሻሼን እሸጣታለሁ። ሁለት ፍየል እንኳ ባወጣባት። ይቺን አህያ ገድዬ ሰባት መቶ ብር አልበላም። ሐጂን አናግሪያቸው። እሳቸው እሺ ካሉ አምስቱም እሺ ይላሉ።”

ሻሼ ከተሸጠች እኔ ሥራ የለኝም። ወደ ሳህኑም መመለሻ የለኝም። ባለቤቴን ውሉ ላይ መውጫ ካለ ፈልግልኝ አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና ፈገግ አለ።

“ቀዳዳ የለውም፣” አለ። “ጥብቅ ውል ነው።” የጻፈው እሱ ስለሆነ ደስ ብሎታል። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ነው እኛ ላይ የጠበቀ መሆኑ የገባው።

ሐጂን ለማናገር ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ፤ ሦስቱንም ቀን ሳላናግራቸው ተመለስኩ። ምን ብዬ? ለአንድ ዓመት አይለወጥም ብዬ ያስፈረምኩ እኔ፣ በሁለተኛው ወር ቃሌን አጥፌ ጨምሩልኝ ልበል? ደግሞ ሐጂም ተለውጠዋል። ድሮ በረንዳ ላይ ሆነው ሰላም የሚሉኝ ሰውዬ አሁን አህያዋን ከሩቅ ሲያዩ ተነሥተው ይገባሉ። አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና ወደ መጡበት ዞሩ። ተቆጥተውኛል አልኩ። ሻሼ የቆመች ቀን ጓሯቸው ሳይነሣ አድሮ ነበር፤ በእሱ ነው። ሊያባርሩን ነው፤ እሳቸው ካባረሩን አምስቱም ያባርሩናል። ሐጂን ላለማግኘት በትልቁ መንገድ መሄዱን ተውኩና በዚያች በጠባቧ በእርቅ መንገድ በኩል መመላለስ ጀመርኩ። ታውቋታላችሁ፤ የተጣሉ ሰዎች ከተገናኙባት ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም የምትባለውን ነው። እኔ ያወቅኩት ጠባብነቷን ነው እንጂ ስሟን አላሰብኩም።

ዓርብ ቀን ነው። እኔ ከፊት የሻሼን ገመድ ይዣለሁ፣ ዘቢባ ከኋላ ትነዳለች። ግራና ቀኙ በርሜል ግድግዳውን እየፋቀ ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ ከላይ በኩል አንድ ነጭ በነጭ የለበሰ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ጎንበስ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ይመጣል። ቀና ሲሉ ሐጂ ናቸው።

ሁለታችንም ቆምን። እሳቸው ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ለጁምዓ ሰላት የተነሱ ናቸው፤ ከበርሜሉ አንድ ጠብታ ቢነካቸው ልብሳቸው ተበላሸ። እኔ ደግሞ የያዝኩት አህያ ነው፤ አህያ የኋሊት አይሄድም።

“አንቺ ነሽ እንዴ?” አሉ።

“እኔ ነኝ ሐጂ።”

“በዚህ ነው የምትሄጂው?”

“አይ፣ ዛሬ ብቻ ነው፣” ብዬ ዋሸሁ። “እርስዎስ?”

“እኔም ዛሬ ብቻ ነው።”

ዘቢባ ከሻሼ ጀርባ አንገቷን አስግጋ “ወላሂ ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ!” አለች። “እሷ ሳምንት ሙሉ በዚህ ነው የምትሄደው። እርስዎን ደግሞ ያ የጥጉ ልብስ ሰፊ በየቀኑ በዚህ ያልፋሉ ብሎኛል!”

ሐጂ ወደ ኋላ ተመለከቱ። መሄጃ የለም፤ ወደ መስጊድ የሚወርዱ ሰዎች ከኋላቸው መጥተው ቆመዋል። በረጅሙ ተነፈሱ።

“ልጄ፣ ካንቺ ስሸሽ ነው።”

“ከእኔ?”

“ሐቅሽን እየበላሁ ነዋ! ያን ቀን አጠገባችን የነበረው አሳላፊዬ ነገረኝ። እኔ ዚክር ላይ ሆኜ አንቺ ብቻሽን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ወርደሽ ሰባት መቶ መግባትሽን ከዒድ በኋላ ነገረኝ። ያቺን አህያ በቀን አምስት ጊዜ ስትመላለስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሻዬ አልወርድ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሐጅ አድርጌ ተመልሼ፣ የለፋ ሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ይሁን?”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ወረቀቱ አይለወጥም ይላላ! ሰባት መቶ ብላ ዓመት አይነካብኝ ያለች ሴት፣ ምን ዓይነት ኩሩ ብትሆን ነው አልኩ። ልጨምርልሽ ብልሽ የሰደብኩሽ መሰለኝ። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አይለወጥም የሚለውን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። እርስዎ እንዳይቀንሱብኝ ፈርቼ።”

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ያ ልብስ ሰፊም ከኋላቸው ተሰልፎ ኖሮ መሳቅ ጀመረ።

“በይ ተናገሪ፣” አሉ ሐጂ። “ስንት ይሁን?”

ይህን ጥያቄ ነበር ለሦስት ቀን ያጠናሁት። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። ከሐጂ ኋላ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት “ምንድን ነው የቆምነው?” አሉ።

“ዋጋ እየተነጋገርን ነው፣” አሉ ሐጂ።

“አሁን? አዛን ሊል ነው እኮ!”

በእኛም በኩል ሰው ተሰልፏል። ከዘቢባ ኋላ ጎመን በራሷ የተሸከመች ሴት ወደ ገበያ መሄጃ አጥታ ቆማለች። ጉዳዩን ዘቢባ ነገረቻት፤ ዘቢባ ስትነግራት መንገዱ በሙሉ ሰማ።

“በወር?” አለች ባለጎመኗ። “በወር ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔ ጎመን በእስር በእስር ነው የምሸጠው። አሥር እስር የወሰደና አንድ እስር የወሰደ እኩል ይከፍላል እንዴ? በበርሜል አድርጉት!”

ባለቤቴ በሃያ አምስት ቀን ያላገኘውን ይቺ ሴት ጎመኗን ከራሷ ሳታወርድ አገኘችው።

“በበርሜል ይሁን፣” አሉ ሐጂ። “ስንት?”

“ሃያ ብር!” አለ ልብስ ሰፊው።

“ሃያ?” አለች ዘቢባ። “ናማ አንድ በርሜል በትከሻህ ተሸከምና ሃያ ብር ልስጥህ!”

“ሠላሳ!” አለ ሌላ ሰው፤ ማን እንደሆነ አልታየኝም።

“ሃምሳ ስጧትና እንለፍ!” አሉ ባለከዘራው አዛውንት። “ሰላት ሊያመልጠን ነው!”

“እርስዎ ሃምሳ የሚሉት ከኪስዎ ነው?” አሉ ሐጂ አብዱሰላም ዞረው። “ከእኔ ኪስ እኮ ነው!”

“አርባ!” አለች ባለጎመኗ። “ጨርሱ፣ ጎመኑ ጠወለገ!”

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። “በበርሜል አርባ ብር። ከዒድ ጀምሮ ያለውንም በዚሁ አስበን እንተካከላለን። እሺ በይ፣ ሐላል አድርጊልኝ፣ ይቅር በይኝ።”

መንገዱ ሁሉ “እሺ በይ!” አለኝ።

“እሺ፣” አልኩ። ከአንድ ቃል ሌላ አልተናገርኩም፤ ለዚህም ነው ጥሩ ዋጋ ያገኘሁት።

አሁን ቀረ መተላለፉ። ሻሼን የኋሊት ግፏት ቢሉ እንኳ ከኋላዋ ዘቢባ አለች፣ ከዘቢባ ኋላ ጎመኑ አለ። ሐጂ ይህን አይተው እጃቸውን አነሱ። “ዙሩ!” አሉ። ያ ሁሉ ነጭ የለበሰ ሰው አንድ በአንድ ዞሮ ዳገቱን ወደ ላይ ተመለሰ። መጨረሻ የመጡት ልጆች መሪ ሆኑ፣ ባለከዘራው አዛውንት እያጉረመረሙ መሃል፣ ሐጂ ከሁሉ ኋላ፤ ከሐጂ ቀጥሎ እኔና ሻሼ። መንገዱ ሰፋ የሚልበት ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ተጠግተው ልብሳቸውን ሰብስበው አሳለፉን። አዛን ሲጀምር የመጨረሻው ሰው ሮጦ ወረደ።

አምስቱ ምግብ ቤቶች በማግስቱ “ሐጂ ስንት ከፈሉ?” አሉ። ነገርናቸው። አንደኛው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሁሉም ግን ተቀበሉ።

ሳምንት ሳይሞላ በርሜሉ ማነስ ጀመረ። ሐጂ አሁን በማለዳ ማድ ቤት ገብተው ድንች ከምትልጠው ሴት ራስ ላይ ይቆማሉ። “ልጣጩን አሳሺው! ይሄ ልጣጭ አይደለም፣ ግማሽ ድንች ነው! አርባ ብር እየከፈልኩ ድንቼን ልጥል?” ይላሉ። ያልተነካውን ሩዝና እንጀራ ደግሞ በር ላይ ለሚቀመጡ ችግረኞች በትኩሱ ማደል ጀምረዋል። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው እንዲሁ። አሥር በርሜል ስምንት ሆነ፤ ስምንቱ ስድስት ሆነና እዚያ ላይ ቆመ።

“አየሽ፣ ቀነሱብን እኮ!” አለች ዘቢባ ተቆጥታ።

“ይቀንሱ፣” አልኳት። ስድስት በርሜል ማለት ሦስት ምልልስ ነው። ሻሼ ሦስቱን ሳትቆም ትጨርሳለች። ኦቦ ጁንዲም አዳዲስ በሬ ገዝተዋል።

ትናንት ሦስተኛውን ምልልስ ጨርሼ ቤት ስገባ ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም ነበር። ማርታ ከትምህርት ቤት አልመጣችም። ሳፋው ታጥቦ፣ የባለቤቴ ሸሚዝ ውስጡ ተዘፍዝፏል። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ዘቢባ ከግድግዳው ማዶ ሆና “ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ጠፋ እኮ!” አለችኝ።

“ምንም፣” አልኳት። “ተቀምጫለሁ።”